ፓሲቭ ወይስ አክቲቭ? የልጄ ሚኒባስ ቴፕ እና የነርስ ጆሮ

ሁለተኛው ልጄ ከአዴት ባሕር ዳር የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። በቅርቡ እቁብ ወጣለትና ሁለት ሐሳብ ይዞ ቤት መጣ። አንደኛው የኋላ ጎማዎቹን መቀየር፣ ሁለተኛው የመኪናውን ቴፕ እንደ አዲስ ማሠራት ነው። ለጎማው ማንንም ማማከር አላስፈለገውም። ለቴፑ ግን «እማ፣ ክሮስኦቨሩን ፓሲቭ ላድርገው ወይስ አክቲቭ?» ሲል ጠየቀኝ። ባለሙያው ሁለቱንም አማራጭ አስረድቶ ዋጋቸውን በወረቀት ጽፎ ሰጥቶታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እነዚያኑ ሁለት ጎማዎች የሚገዛ ገንዘብ ነበር።

«ጡረታ የወጣች ነርስ ከመኪና ቴፕ ጋር ምን አገናኛት?» የምትሉ አትጠፉም። እኔ ግን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በማዳመጥ ነው፤ የሳንባን ትንፋሽ፣ የልብን ምት፣ በእናቱ ማሕፀን ያለ ፅንስን። ድምፅን ለይቶ መስማት የሙያዬ ግማሽ ነበር። ደግሞም በዚያ መኪና የሚሄደው ልጄ ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጄ ከአባቱ ወንበር ኋላ ተቀምጦ ባሕር ዳር ይመላለሳል። ስለዚህ «ሳላጣራ መልስ አልሰጥህም» አልኩት። ያጣራሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያነሳ ወጣት በየቤቱ አይጠፋምና።

ከመነሻው እንጀምር። ድምፅ ንዝረት ነው። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚነዝር በኸርዝ ይለካል። ጤነኛ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ይሰማል። የከበሮ ጉምታ ከታችኛው በኩል ነው፤ የጸናጽል ቅጭልታ ከላይኛው። ከበሮውን በደንብ የሚያሰማ ስፒከር ብዙ አየር መግፋት ስላለበት ሰፋ ይላል። ጸናጽሉን የሚያሰማው እጅግ በፍጥነት መንቀጥቀጥ ስላለበት ትንሽና ቀላል ነው፤ ትዊተር የሚሉት እሱን ነው። በትንሹ ትዊተር ላይ የከበሮውን ድምፅ ብትጭኑበት መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ቆይቶ ይቃጠላል። ትልቁን ስፒከር ደግሞ ጸናጽል አሰማ ብትሉት ድምፁን ያፍነዋል።

ክሮስኦቨር የሚባለው እንግዲህ ድምፁን ከፍሎ ወፍራሙን ለትልቁ፣ ቀጭኑን ለትንሹ የሚያደርሰው ዕቃ ነው። በእኛ ሙያ የበሽተኛ ልየታ የምንለው ዓይነት ሥራ ነው፤ ምጥ የያዛትን ወደ ማዋለጃ፣ የቆሰለውን ወደ ቁስል ማሸጊያ ክፍል እንደመምራት።

እኛ ነርሶች እኮ ስሙን ሳናውቀው እንዲህ ያለውን መሣሪያ አንገታችን ላይ አንጠልጥለን ነው የኖርነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላዬኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 የጀመረው ስቴቶስኮፕ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፊት አለው። ስስ ሽፋን ያለው ሰፊው ፊት ቀጭኑን ድምፅ ያጎላል፤ የሳንባን ትንፋሽ የምናዳምጠው በእሱ ነው። ደወል የሚመስለው ትንሹ ፊት ደግሞ ቆዳ ላይ ቀለል ተደርጎ ሲያርፍ ወፍራሙን ያሰማል። በሕፃንነት ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም ጠንቅ ሆኖ የልብን በር ሲያጠብ፣ ከሥር የሚሰማው ዝቅ ያለ ጉርምርምታ የሚገኘው በደወሉ በኩል ነው። ደወሉን ጠበቅ አድርጋችሁ ከተጫናችሁት ግን ቆዳው ራሱ ተወጥሮ እንደ ሽፋን ይሆንና ያ ወፍራም ድምፅ ይጠፋል። ባትሪ የለው፣ ቁልፍ የለው፤ በአሠራሩ ብቻ ይለያል።

ፓሲቭ ክሮስኦቨርም ከዚህ ጋር ይቀራረባል። በአምፕሊፋየሩና በስፒከሮቹ መካከል የሚገባ ትንሽ ሳጥን ነው። ውስጡ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦና ካፓሲተር አለ። ጥምጥሙ ሽቦ ወፍራሙን ድምፅ አሳልፎ ቀጭኑን ያግዳል፤ ካፓሲተሩ የዚህን ተቃራኒ ያደርጋል። የራሱ ኤሌክትሪክ አይፈልግም።

ጉድለቱም ከዚሁ ይመጣል። ለምሳሌ 4 ኦም በሆነ ትዊተር ላይ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ቢገባ፣ ከ4,000 ኸርዝ ገደማ በታች ያለው ድምፅ እየተዳከመ ይሄዳል። ትዊተሩን በ8 ኦም ብትቀይሩት ያው ካፓሲተር መለያውን ወደ 2,000 ገደማ ያወርደዋል፤ ማለፍ ያልነበረበት ድምፅ ያልፋል። ስለዚህ ፓሲቭ ለተሠራለት ስፒከር እንጂ ለሌላው አይሆንም። በአንድ ሰው ዓይን ልክ የታዘዘ መነጽር ለጎረቤቱ እንደማይሆነው ማለት ነው። ከአምፑ የሚወጣው ኃይልም በከፊል እዚያው ሳጥን ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

አክቲቩ የሚቀመጠው ከአምፑ በፊት ነው። ድምፁን ገና ደካማ ሲግናል ሳለ ይከፍለዋል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ክፍል ወደየራሱ አምፕ ይሄዳል፤ አምፑም ከስፒከሩ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። መለያውን ከፍና ዝቅ ማድረግ፣ ትዊተሩን ብቻ ለይቶ መቀነስ ይቻላል። ሌላም ጥቅም አለው። በፓሲቭ ጊዜ ባሱ አምፑን ከአቅሙ በላይ ሲያስጨንቀው የሚፈጠረው የተቆራረጠ ድምፅ ወደ ትዊተሩ አልፎ ሊያቃጥለው ይችላል። በአክቲቭ ግን ትዊተሩ የራሱ አምፕ ስላለው ከባሱ ጣጣ ይድናል። ስለ ድምፅ ጥራት ብቻ ከተነጋገርን አክቲቩ ይበልጣል፤ ይህን መካድ አይገባም።

ነገር ግን ዕቃው ይበዛል። ግራና ቀኝ ባለ ትልቅና ትንሽ ስፒከር ሲገጠም፣ በፓሲቭ ሁለት የአምፕ ቻናል ይበቃል፤ በአክቲቭ አራት ያስፈልጋል። ሰብውፈር ከተጨመረ አምስተኛ ይመጣል። ክሮስኦቨሩ ራሱም 12 ቮልት ይፈልጋል። አንድ ሰው ማስተካከያውን ሳያውቅ ቢያዞረው ደግሞ ከበሮው በቀጥታ ትዊተሩ ላይ ይወርዳል። ጠንቃቃ ባለሙያዎች በአክቲቭም ቢሆን ለትዊተሩ አንድ መከላከያ ካፓሲተር የሚጨምሩት ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ በቃል ሰምቼ አልተውኩትም። አንድ ቅዳሜ ከልጄ ጋር ባሕር ዳር ወረድኩና የባለሙያውን ሱቅ አየሁ። ትሑት ወጣት ነው። «እናቴ፣ እርስዎ ራስዎ ሰምተው ይፍረዱ» ብሎ ሁለት መኪና ውስጥ አስቀመጠኝ፤ አንዱ በፓሲቭ፣ ሌላው በአክቲቭ የተሠራ። እኔ በፍላሽ የያዝኩት በሁዳዴ የማዳምጠውን የበገና ድርድር ነበር። በገና ለዚህ ዓይነት ፈተና የሚስማማ መሣሪያ ነው። አሥሩ አውታሮች ወፍራም ድምፅ ይሰጣሉ፤ በአውታሩና በመቀመጫው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ደግሞ ያንን የሚያነዝር እሽታ ትጨምርበታለች። በደካማ ስፒከር ሲሰማ እሽታው ብቻ ይቀርና በገናው ንብ ይመስላል።

ሞተር ጠፍቶ ሳለ የአክቲቩ ድምፅ ጥርት ያለ ነበር። ወፍራሙ ከሥር፣ እሽታው ከላይ፣ ሁለቱም በየቦታቸው። ፓሲቩም መልካም ነው፤ ከላይ ያለው ብቻ ትንሽ ሾል ይልብኝ ነበር። ከዚያ «ሞተር አስነሡና መስኮት ከፍታችሁ አንዴ ወደ ከተማ እንዙር» አልኩ። በሁለቱም መኪና ዞርን። እውነቱን ለመናገር፣ ከሞተሩና ከጎማው ድምፅ ጋር ልዩነቱን መለየት አቃተኝ። ልጄም አልለየውም። የመኪና ጉዞ ድምፅ ባመዛኙ ወፍራም ስለሆነ ባሱን ይሸፍነዋል። ሹፌሩም የተሸፈነውን ለማውጣት ድምፁን ይጨምራል።

በመመለሻችን መንገድ ላይ ክርክራችንን ቀጠልን። ልጄ «እማ፣ አንቺ አታውቂም፤ ወጣቱ ተሳፋሪ ባስ ያለው መኪና ነው የሚመርጠው» አለኝ። «መናኸሪያ ውስጥ በተራ አይደለም እንዴ የምትጭኑት?» ስለው ሳቀ። ተራ አስከባሪው የሚያየው ሰሌዳውን እንጂ ስፒከሩን አይደለም። ተሳፋሪ የሚመርጠው ነገር ቢኖር ብሬኩን የሚያምነው ሹፌር ነው።

ስለ ኤሌክትሪኩም ጠየቅኩት። 300 ዋት የሚሰጥ አምፕ በ12 ቮልት ቢሰላ 25 አምፔር ይጎትታል፤ በራሱ ውስጥ ሙቀት ሆኖ የሚቀረው ሲታከልበት ከዚያ ይበልጣል። ይህን የሚያቀርበው ዲናሞው ነው። ሞተር ጠፍቶ ተራ ሲጠበቅ ደግሞ ባትሪው ብቻውን ይሸከመዋል፤ ማታ ሞተሪኖው አልዞር ቢል ሃያ ዓመት የነዳ ሹፌርም ገፊ ይለምናል። የትኛውም አምፕ ሲገባ ዋናው ሽቦ ውፍረቱ የሚበቃ፣ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ መሆን አለበት። ፊውዙ አምፑ ዘንድ ብቻ ከሆነ፣ መሃል መንገድ ላይ ሽቦው ተልጦ ከመኪናው ብረት ጋር ቢነካካ የሚያቋርጠው ነገር የለም። ቃጠሎ የደረሰበትን ሰው ቁስል ለዓመታት ያጠበች ሴት ይህን በዋዛ አታልፈውም።

ጥገናውም አለ። ፓሲቩ ውስጥ ካፓሲተር ቢበላሽ፣ ቁጥሩን አይቶ ያንኑ የሚበይድ የሬዲዮ ጠጋኝ በየወረዳው ከተማ አይጠፋም። የአክቲቩን ነገር ግን የገጠመው ራሱ ካልነካው በቀር ሌላው ሊያበላሸው ይችላል። መኪናው ለቴፕ ብሎ አንድ ቀን ከቆመ የዚያ ቀን ገቢ ቀረ ማለት ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የገንዘብና የሽቦ ነገር ነው። ልጄን ዝም ያሰኘው ግን ስለ ጆሮ የነገርኩት ነው።

የውስጠኛው ጆሯችን ቀንድ አውጣ የመሰለ ጥምዝ ዋሻ አለው። በእሱ ውስጥ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ጥቃቅን የፀጉር ሴሎች ተደርድረዋል። በመግቢያው አካባቢ ያሉት ቀጭኑን ድምፅ፣ በጫፉ ያሉት ወፍራሙን ይቀበላሉ። የዚህን አሠራር የገለጠው ሃንጋሪ የተወለደው ጌኦርግ ፎን ቤኬሺ እ.ኤ.አ. በ1961 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ማንም ባለሙያ ሳይገጥምልን ፈጣሪ የሰጠን ክሮስኦቨር ይህ ነው። አንድ ችግር አለው፤ ሴሎቹ አንዴ ከሞቱ በሰው ልጅ ላይ ዳግመኛ አይበቅሉም።

ጩኸት በመጀመሪያ የሚጎዳው በ4,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ነው። እንደ «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ» ያሉት ፊደላት የሚታወቁበት ድምፅ ከዚያው ሰፈር ነው። ስለዚህ የተጎዳው ሰው «አልሰማም» አይልም። «ትሰማላችሁ፣ ግን አጥርታችሁ አትናገሩም» ይላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሚጎዳውን ጆሮም ከባለቤቱ ቀድመው የሚያውቁት ሚስቱና ልጆቹ ናቸው።

ልኬቱ እንዲህ ነው። በሥራ ቦታ ጤና ጥበቃ የሚሠራበት አንዱ ስሌት 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ይፈቅዳል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። 88 ሲሆን አራት ሰዓት፣ 91 ሲሆን ሁለት፣ 94 ሲሆን አንድ፣ 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለስልክና ለመሳሰሉት ማዳመጫዎች ባወጣው መመሪያ ደግሞ ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል፣ ለሕፃናት 75 ዴሲቤል ብሎ ወስኗል። ሹፌር ስንት ሰዓት መሪ ላይ እንደሚውል እናንተው ታውቃላችሁ። ከወንበሩ ኋላ የሚቀመጠው የልጅ ልጄ ጆሮም ሁለት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ደካማ ቴፕ ከልክ በላይ ሲጮህ ይንጫጫል፤ ሰሚው ተበሳጭቶ ይቀንሰዋል። አራት ቻናል ያለው፣ በደንብ የተከፈለ አክቲቭ ግን ሲጮህም ጥርት እንዳለ ነው። አያስጠነቅቅም። ጆሮ ሳይሰቀጠጥ ይጎዳል። ጥራቱን ዝቅ ባለ ድምፅ ለመስማት የሚጠቀምበት ሰው እሰየው፤ ሞተርና ጎማን ለማሸነፍ የሚጠቀምበት ሰው ግን ጉዳቱን በገንዘቡ ገዛ። ሳንባን እንደማዳመጥ ያለ ነገር ነው፤ ሐኪም በሽተኛው እንዲጮህለት አይጠይቅም፣ ክፍሉን ጸጥ ያሰኛል እንጂ።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ፊት ለፊት ባለው በር ላይ ከነፓሲቭ ክሮስኦቨሩ አብሮ የተሠራ ጥንድ ስፒከር ተገጠመ። ሰብውፈር ቀረ። ልጄ የማያውቀው አንድ ነገር ደግሞ ነበር፤ ያለው ቴፕ ራሱ ውስጥ «ኤች ፒ ኤፍ» የሚባል ማስተካከያ ነበረው። ይህ ትንሽ አክቲቭ ክሮስኦቨር ማለት ነው። ባለሙያው 80 ኸርዝ ላይ አደረገው። የበሩ ስፒከር ከማይችለው ባስ ስለተገላገለ ድምፁ ወዲያው ጸዳ። ብዙ አዳዲስ ቴፖችና አምፖች ይህ አላቸውና ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ውስጡን አስፈትሹ። በተረፈው ገንዘብ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ተቀየሩ።

የድምፁን መጠን የወሰንነው ያለ ምንም መሣሪያ ነው። ረዳቱ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እኛ ሞተር አስነሥተን ሄድን። እሱ ሳይጮህ፣ እንደ ማንኛዋም እናት ቀስ ብሎ «ወራጅ አለ» ሲል ልጄ መስማት ነበረበት። እስኪሰማ ድረስ ድምፁን ቀነስን። በስክሪኑ ላይ የወጣውን ቁጥር ረዳቱ በወረቀት ጽፎ ቴፑ አጠገብ ለጠፈው። ወራጅ የማይሰማ ሹፌር አምቡላንስም አይሰማም። ወላድ ጭነን በአምቡላንስ ስንሄድ ከፊታችን ያለው መኪና በሙዚቃ ደንቁሮ መንገድ ያልለቀቀባቸው ቀናት አይረሱኝም።

አክቲቭ ለማንም አይሆንም እያልኩ አይደለም። የራሱ የቤት መኪና ያለው፣ ሙዚቃን በጽሞና የሚያዳምጥ፣ ማስተካከያውን ለመማር ትዕግሥት ያለው፣ ሽቦና ባትሪውንም የሚያስብ ሰው ቢያደርገው አይጸጸትም። ለሥራ መኪና፣ መስኮት ከፍቶ ለሚሄድ፣ ብዙ ሰው ለሚነካካው ግን ተስማምቶ የተሠራ ፓሲቭ ይበቃል።

እንግዲህ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይህን ጥያቄ ይዞ ሲመጣ «ጩኸት ምን ያደርግልሃል» ብሎ ማባረር አያዋጣም፤ ተደብቆ ያሠራዋል። ይልቅ ጥቂት ነገር ጠይቁት። ስፒከሩ ስንት ኦም ነው? ክሮስኦቨሩስ ለእሱ የተሠራ ነው? ያለህ ቴፕ ውስጥ መለያ የለም? ፊውዙ የት ነው? ሲበላሽ የሚጠግነው ማነው? በቀን ስንት ሰዓት ትሰማዋለህ? መልሱን ለመፈለግ ሲሄድ ግማሹን ውሳኔ ራሱ ይወስናል።

አንድ ነገር ብቻ ለእናንተው ለእኩዮቼ ልጨምር። መኪና ውስጥ በክንድ ርቀት ካለው ሰው ጋር ለመነጋገር ድምፃችሁን ከፍ ማድረግ ካስፈለጋችሁ፣ እዚያ ያለው ጩኸት ወደ 85 ዴሲቤል ተጠግቷል። ከወረዳችሁ በኋላ ጆሯችሁ ጭው ካለ ደግሞ አልፏል። ጭውታው ከቀናት በኋላም ካልተወ፣ ወይም የቤት ሰው «ቴሌቪዥኑን ለምን ታስጮኺዋለሽ?» ማለት ከጀመረ ጆሯችሁን ተመርመሩ። የልጅ ልጆቻችሁን ጆሮም አብራችሁ አስመርምሩ።

መልካም ሰንበት።